የጓሮ መድኃኒትና ወሰኑ



መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንዳስገኘ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ይኸው ምዕራፍ በሽተኛው ወደ ፈጣሪው እንዲጸልይ፣ ለባለ መድኃኒቱም ስፍራ እንዲሰጥ ያሳስባል። ጸሎት፣ ዕፅዋትና ሐኪም በአንድ ምዕራፍ ተስማምተው ይገኛሉ።

ከዚህ ቀደም በአንዲት የገጠር ሰበካ ስለ ጓሮ አትክልት ስናስተምር የነጭ ሽንኩርትንና የማርን ጥቅም አብዝተን ተናግረን ነበር። ከወራት በኋላ ስንመለስ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጃቸው ሲያስል ያስተማርነውን ብቻ እየሰጡ አምስት ቀን እንደቆዩ፣ ትንፋሽ ሲያጥረውም በሌሊት አዝለውት ወደ ጤና ጣቢያ እንደሮጡ ነገሩን። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፏል። ጥፋቱ የእናቲቱ አልነበረም፤ ጥቅሙን ነግረን ወሰኑን ያልነገርን እኛ ነን። ይህን ትምህርት የምናቀርበው ያን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ነጭ ሽንኩርት

ነጭ ሽንኩርት ሲደቀቅ በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ንጥረ ነገሮች ይገናኙና አሊሲን የተባለውን ያስገኛሉ፤ የሚሰነፍጠው ሽታም ከዚሁ የተነሣ ነው። አሊሲን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሙቀት አሊሲን እንዳይፈጠር ስለሚያግድ፣ ሽንኩርቱ ከተቀጠቀጠ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደ ድስቱ ቢገባ ይመረጣል። ሆኖም በብልቃጥ የታየው ኃይል በታመመ ሳንባ ውስጥ ይደገማል ማለት አይደለም። ቀጥቅጦ በገላ ላይ አስሮ ማሳደርም ቆዳን ያቃጥላል።

ማር

ማር ስኳሩ የበዛ፣ ውኃው ያነሰ በመሆኑ ከተሕዋስያን እርጥበትን ይስባል፤ አሲድነቱም እድገታቸውን ይገታል። ስለዚህም ሐኪሞች ለሕክምና ተብሎ በተዘጋጀ ማር ቁስልንና ቃጠሎን ያክማሉ። ዓመት ካለፈው ልጅ ጀምሮ ሳልን ያለዝባል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በጣት ጫፍ እንኳ አይቅመስ፤ ማር ቦቱሊዝም የተባለውን አደገኛ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላልና።

እንዶድ

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች በመሆናቸው፣ እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጹበት ፍሬ በዓለም ሳይንስ ዘንድ ታወቀ። ይሁን እንጂ እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ይጎዳል።

ወሰኑ የት ነው?

ጉንፋንና ቀላል ሳል በቤት ሊታገዙ ይችላሉ። የሚያስል ሕፃን ግን ጸጥ ባለበት ጊዜ ደረቱ እየታየ ትንፋሹ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር። ከ2 እስከ 12 ወር ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ከታመመ ግን ሳይቆጠርም ይወሰድ። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃንም ለአንድ ሰዓት እንኳ አይዘግይ።

ለውይይት

1. በሰበካችን ለሕፃናት ሕመም በቅድሚያ የሚሰጠው ምንድን ነው? እስከ ስንት ቀንስ ይጠበቃል?
2. ትንፋሽ መቁጠርን በሰንበቴና በማኅበር ለእናቶች ማን ያስተምር?
3. በሌሊት የታመመን ሕፃን ለማድረስ ሰበካው ምን ዝግጅት አለው?