ዓሣን በመንጠቆ ለማጥመድ ስለ ማባበያ ቀለም አመራረጥ

በሐይቅና በትልልቅ ወንዞች ዳር ያለውን አገር ለምታስተዳድሩ ሹማምንት፤ በዚያውም መሬት ለያዛችሁ ሁሉ። ዓሣን በመረብ ስለ ማስገር በየጊዜው ተጽፏል፤ በመንጠቆ ስለ ማጥመድ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መንጠቆ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ለጀልባው፥ ለመሪውና ለማደሪያው የሚከፍል ስለ ሆነ፤ በውሃው ዳር የሚኖረውም ሕዝብ ከዚህ ጥቅም እንዲያገኝ ማባበያ እየተገዛ የሚሰጥበት ጊዜ ስላለ፤ ገንዘቡ በከንቱ እንዳይቀር ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ማባበያ የምንለው ከዕንጨት፥ ከብረት፥ ከላስቲክ ወይም ከላባ ተሠርቶ መንጠቆ የተሰካበት፤ ትንሽ ዓሣ ወይም እንቍራሪት መስሎ በውሃ ውስጥ የሚጎተት ነገር ነው። እንደ ሥጋና እንደ ትል የሚበላ አይደለምና ዓሣው የሚታለለው በዐይኑ ባየው፤ በጎኑም የውሃውን መናወጥ በተሰማው መጠን ነው። ስለዚህ ሻጮች አንዱን ቅርጽ በሠላሳና በአርባ ዐይነት ቀለም እየቀቡ ያቀርቡታል። ገዢውም ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ ለራሱ ዐይን ደስ ያለውን ያነሣል።

ይህን የምጽፍ እኔ ከዓመታት በፊት በአንድ ሐይቅ ዳር ለሚኖሩ ወጣቶች 60 ማባበያ እንዲገዛ የታዘዘበትን ወረቀት ጽፌ ያስፈረምሁ ነበርሁ። ሣጥኑ ሲከፈት ዐሥራ ሁለት ዐይነት ቀለም ተገኘበት። በዓመቱ ተመልሼ ባየሁ ጊዜ ጥቁሩ ሁሉ ቀለሙ ተልጦ፥ በጥርስ ተቧጭሮ አገኘሁት፤ ሰማያዊው፥ ሐምራዊውና ቢጫው ግን እንደ ተገዛ ተኝቷል። ወጣቶቹም «ዓሣው ጥቁር ይወዳል» አሉኝ፤ እኔም አምኜ ይህንኑ ጽፌ ለአለቃዬ አቀረብሁ። ኋላ ግን ቀስ ብዬ ስጠይቅ፤ የመጀመሪያው ዓሣ በጥቁር ስለ ተያዘ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጥቁሩ በቀር ሌላውን ወደ ውሃ የጣለ ሰው አለመኖሩን ተረዳሁ። ውሃ ያልነካ ማባበያ ዓሣ ሊይዝ አይችልምና የጻፍሁት ነገር ማስረጃ አልነበረም። ስለ ቀለም የሚነገረው አብዛኛው ወሬ ከዚሁ ዐይነት ምንጭ የተቀዳ ይመስለኛል።

እንግዲህ ከወሬ ወጥተን የተመረመረውን እንመልከት። ስለ ማባበያ ቀለም ከሌሎች ዓሦች ይልቅ ብዙ የተነገረለት ባስ የሚባለው ዓሣ ነው፤ ይልቁንም አፈ ሰፊው ባስ። የትውልድ አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሲሆን ትንንሽ ዓሦችን፥ እንቍራሪትንና የወንዝ ክሬይፊሽን አድብቶ ይውጣል። አሜሪካውያን ይህን ዓሣ በመንጠቆ መያዝን እንደ ትልቅ ጨዋታ ይቈጥሩታል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1932 (ከዚህ በታችም ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በጆርጂያ ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ባስ ስለ ያዘ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል።

የቀለሙን ነገር ለማስተዋል ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ብርሃኑ ወደ ውሃው ሲገባ የሚሆነው ነው፤ ሁለተኛውም ዓሣው ራሱ ማየት የሚችለው ነው።

የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለም ድምር መሆኑ በቀስተ ደመና ይታወቃል። ወደ ውሃ በገባ ጊዜ ግን ቀለሞቹ እኩል አይወርዱም። በጠራ ውሃ ቀዩ አስቀድሞ ይጠፋል፤ ብርቱካንማውና ቢጫው ይከተሉታል፤ አረንጓዴውና ሰማያዊው ርቀው ይወርዳሉ። ስለዚህ በገበያ እንደ ፍም የሚያበራው ቀይ ማባበያ ወደ ጥልቁ ሲገባ ጠቁሮ ይታያል። ቅጠል በስብሶበት እንደ ሻይ በጠቆረ፥ ወይም ደለል በሞላበት ውሃ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰማያዊው ብርሃን ገና ከላይ ተውጦ ይቀራል፤ የሚተርፈውም ጥቂት ብርሃን ወደ ብርቱካንማና ወደ ቀይ የሚያደላ ነው።

ወደ ዐይኑ ስንመጣ፤ የሰው ዐይን ቀለምን የሚለይባቸው ሦስት ዐይነት ሕዋሳት ሲኖሩት የባስ ዐይን ሁለት ብቻ አለው፤ አንዱ ለአረንጓዴ፥ ሁለተኛው ለቀይ የሚነቃ ነው። በኢሊኖይ በ1937 ብራውን የተባለ መርማሪ የባስን ቀለም የመለየት ችሎታ መርምሮ ጽፎ ነበር፤ በዚያው በኢሊኖይ ያሉ ሊቃውንትም በ2019 የበለጠውን አሳተሙ። እነርሱም ባሶችን በገንዳ አኑረው፥ አንዱን ቀለም ሲመርጡ ምግብ እየሰጡ አስተማሯቸው። ቀይ የተማሩትና አረንጓዴ የተማሩት አብዛኛውን ጊዜ የተማሩትን መረጡ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላውን ደማቅ ቢጫ የተማሩት ግን ከነጩ ሊለዩት አልቻሉም፤ ሰማያዊ የተማሩትም ከጥቁሩ ጋር አሳሳቱት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለገንዘብ ያዥ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ለባስ ሰማያዊና ጥቁር ማባበያ የሚገዛ ሰው አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛቱ ነው፤ ደማቁን ቢጫና ነጩን የሚገዛም እንዲሁ። አርባ ቀለም የነበረው መደርደሪያ ወደ አራት ወይም አምስት ይወርዳል። የቀረው ልዩነት የሰውን ዐይን ለማጥመድ የተቀባ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

ምርጫውም እንዲህ ነው። ውሃው የጠራ እንደ ሆነ፥ ዓሣው ማባበያውን ከሩቅ አይቶ ለመመርመር ጊዜ አለውና በዚያ ውሃ የሚኖረውን ትንሽ ዓሣ የሚመስል አረንጓዴ፥ ቡናማ ወይም ብርማ ይመረጣል። ውሃው የደፈረሰ እንደ ሆነ ቀለሙ ምንም ይሁን ከውሃው ተለይቶ መታየቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ወይ ጥቁር፥ ወይ ነጭ ወይም ደማቅ ቢጫ ይሁን። በምሽትና በሌሊት ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲመለከት የሚያየው በሰማዩ ብርሃን ላይ የወደቀውን ጥላ ነውና ጥቁሩ ይሻላል። ቀዩም ከላይ ከላይ ለሚጎተት ማባበያ ይጠቅማል። ዓሣው ያለበትን ስፍራ፥ ጥልቀቱን፥ የማባበያውን መጠንና አጎታተቱን ያላወቀ ሰው ግን ቀለም ቢያማርጥ አይጠቀምም፤ ቀለም ከነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነው።

የውሃውን ጥራት በግምት ከመናገር መለካት ይሻላል። በ1865 ሴኪ የተባለ ኢጣሊያዊ ቄስና የከዋክብት ሊቅ፥ ከሮማው ፓፓ መርከብ ላይ ነጭ ሳህን የመሰለ ክብ ነገር ወደ ባሕር እያወረደ የሚጠፋበትን ጥልቀት ለካ፤ እስከ ዛሬም ሊቃውንት በዚሁ ይሠሩበታል። እኛም አንድ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ወስደን፥ ከታቹ ድንጋይ አስረን፥ በየክንዱ በተቋጠረ ገመድ ቀትር ላይ ከጀልባው ጥላ በኩል ልናወርደው እንችላለን። ከአንድ ክንድ ሳይርቅ ከጠፋ ውሃው ድፍርስ ነው፤ ከአራት ክንድ በላይ ከታየ እንደ ጠራ ይቈጠር። ላንጋኖና አባያ ቡናማ ስለ ሆኑ ሳህኑ ቶሎ ይሰወርባቸዋል። አንዱም ሐይቅ ቢሆን በክረምት ጎርፍ ሲገባበትና በበጋ ልኩ አንድ አይደለም።

ነገር ግን በባስ ዐይን የተረጋገጠውን ለአገራችን ዓሣ ሁሉ ማዋል ስሕተት ነው። አምባዛ ዐይኑ ትንሽ ነው፤ በጢሙና በማሽተት ስለሚፈልግ ቀለም አያስጨንቀውም። ቆሮሶ አብዛኛውን ጊዜ የውሃ አረንጓዴ የሚበላ ስለ ሆነ ማባበያ ከቶ የሚያሳድድ አይደለም። በአባያና በጫሞ ያለው ናይል ፐርች ግን አሳዳጅ ነው፤ ዐይኑም ለደብዛዛ ብርሃን የተሠራ ነው። በባሌ ተራሮች ወንዞች ያለው ከኬንያ የመጣ ትራውትም የራሱ ዐይን አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ላሳስብ። ማባበያውን የወደደ ሰው ዓሣውንም ለማምጣት ሊመኝ ይችላል። ባስ በ1925 ወደ ጃፓን፥ በ1929 ወደ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ በሰው እጅ ተወስዷል። ጃፓኖች ከሰማንያ ዓመት በኋላ፥ የአገራቸውን ትንንሽ ዓሦች እየዋጠ ስላስቸገራቸው፥ ሕያው ባስን ማጓጓዝና ወደ ውሃ መልቀቅን በሕግ ከለከሉ። ጣና በሌላው ዓለም የማይገኙ ከዐሥር የሚበልጡ የቢልጫ ዐይነቶች የሚኖሩበት ውሃ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ በወረዳው ያለ ሹም፥ ማናቸውም ሰው ሕያው የውጭ ዓሣ በዕቃ ይዞ ቢመጣ ወደ ውሃው ሳይደርስ ያግደው፤ አንድ ጊዜ ከተለቀቀ የሚመልሰው መረብ የለምና።

ማባበያ እንዲገዛ ስትጠይቁ የሳህኑን ልክ ከወሩ ስምና ከሚፈለገው ዓሣ ጋር አብራችሁ ጻፉ። ከተገዛም በኋላ የተያዘውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ቀለም ስንት ሰዓት በውሃ ውስጥ እንደ ቈየ በመዝገብ አስይዙ።