ለአባቴ አዲስ የመስሚያ መሣሪያ ይላክላቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ዳባት አጠገብ ገጠር ይኖራሉ፤ 71 ዓመታቸው ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ መጠቀም ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ዘንድሮ «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ማለት አብዝተዋል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ቻርጅ የሚደረግና ከስልክ ጋር የሚገናኝ አዲስ መሣሪያ ልግዛላቸው ትላለች። ይቀየርላቸው ወይስ ያለው ይበቃቸዋል? (ከደባርቅ)

መልስ፦ አብዛኞቹ የመስሚያ መሣሪያዎች ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያገለግላሉ፤ ስለዚህ እህትዎ ከመሬት ተነሥታ አላሰበችውም። ሆኖም አባትዎ የሚሉት ነገር መሣሪያው ማርጀቱን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኩክ ነው። ኩክ የጆሮውን ቀዳዳ ወይም የመሣሪያውን ጫፍ ከደፈነ ሺሕ ዶላር የወጣበትም ዕቃ ቢሆን ያፍናል። ከጆሮ ጀርባ ወደ ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦም በወራት ውስጥ እየደረቀና እየተሰነጠቀ ስለሚሄድ በየጊዜው መቀየር አለበት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይቀየር ቆይቶ ከሆነ አልገረምም። ስለዚህ አስቀድመው ደባርቅ ሆስፒታል ይውሰዷቸውና ጆሯቸው ይታይ። ኩኩን በጥጥ ወይም በእንጨት ለማውጣት አይሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፉታል። ጆሯቸው መግል የሚያወጣ ከሆነ እስኪድን ድረስ አሮጌውም አዲሱም መሣሪያ አይገባበትም። መስማታቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት ከወረደ ግን፣ ይልቁንም በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ የመሣሪያው ነገር ይቆይ። ያ በቀናት ውስጥ መታከም ያለበት አስቸኳይ ሕመም ነው።

ጆሮውም መሣሪያውም ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ካልለቀቀ ቀጣዩ እርምጃ የመስማት ልኬት ነው፤ ወደ ጎንደር፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም የሚያስወርድ ቢሆንም ይህ አይዘለልም። የአሁኑ መሣሪያ የተስተካከለው ከስድስት ዓመት በፊት ለነበረው ጆሯቸው ነው። በእርጅና የሚመጣ የመስማት ድካም ደግሞ ባለበት አይቆምም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ይቀንሳል፣ ይልቁንም ቃልን ከቃል የሚለዩትን ቀጫጭን ድምፆች። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በኮምፒውተር እንደገና ሊስተካከሉ ስለሚችሉ፣ መለወጥ ግድ የሚሆነው የአባትዎ ጆሮ ከመሣሪያው ጉልበት በላይ ደክሞ ከተገኘ ወይም መሣሪያው ተበላሽቶ መለዋወጫ ከጠፋለት ነው።

«ከተለወጠ አይቀር ውዱ ይሁን» የሚለው ሐሳብ ግን ማስረጃ ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአሜሪካው ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ መለስተኛና መካከለኛ የመስማት ችግር ያለባቸውን 45 ሰዎች፣ አብዛኞቹ አረጋውያን፣ የሁለት ትልልቅ ኩባንያዎችን ተራና ውድ መሣሪያዎች በየተራ አስሞክሯቸዋል። ተሳታፊዎቹ የትኛው ውድ እንደሆነ አልተነገራቸውም። ሁሉም መሣሪያዎች ጠቅመዋቸዋል፤ ውዱ ግን ከተራው የሚያስመርጥ ብልጫ አላሳየም። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህ ተራምዷል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ እውነትም አለው። የዛሬዎቹ ጫጫታን ከንግግር በመለየት ይሻላሉ፤ ከስልክ ጋር ሲገናኙም የእህትዎ ድምፅ በቀጥታ በሁለቱም ጆሯቸው ይገባል። አባትዎን የሚያስጨንቃቸው የስልክ ወሬ ከሆነ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፣ የያዙት ስልክ ተራው ባለ ቁልፍ ካልሆነ። በገበያ መካከል ወይም በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ግን የትኛውም መሣሪያ የሞቱትን የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት አያስነሣም። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል፤ የተጎዳ ጆሮ ያደበዘዘውን ሙሉ በሙሉ አያጠራም። በዚህ በኩል ከመሣሪያው ደረጃ ይልቅ ልኩ ይበልጣል፦ በጆሮው ልክ የተሠራ ጫፍ፣ በምርመራው ውጤት የተስተካከለ ድምፅ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ተመልሶ የሚያስተካክል ባለሙያ።

እንግዲህ አሜሪካ ተገዝቶ በሻንጣ የሚመጣው መሣሪያ የሚያሰጋው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የመስሚያ መሣሪያዎች ተፈቅደዋል፤ የተፈቀዱት ግን ዕድሜያቸው 18 ዓመት ለሞላና ችግራቸው መለስተኛ ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። የአባትዎ ችግር ከባድ ከሆነ ገንዘቡ ባክኗል። «በነፃ ከመጣ ምን ይጎዳል?» ይባል ይሆናል። አንዴ «አልሠራም» ብለው መሳቢያ ውስጥ የከተቱትን ዕቃ ዳግም የሚያወጡ አረጋውያን ጥቂት ናቸው፤ ጉዳቱ ይኸው ነው።

የደጋው ነገርም ይታሰብበት። ቻርጅ የሚደረገው መሣሪያ በየሌሊቱ መብራት ይፈልጋል። አባትዎ ሰፈር መብራት ሄድ መለስ የሚል ከሆነና ሶላርም ከሌለ ጠዋት ላይ የሞተ መሣሪያ ይታቀፋሉ። ትንንሾቹ የባትሪ ድንጋዮች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ነገር ግን የሚሠሩት ከአየር ኦክስጅን እየሳቡ ነው። እንደ ደባርቅ ባለ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ብርዱ ሲጨመርበት ድንጋዩ ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ሊደክም ይችላል። ተለጣፊውን ከላጡ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል አየር አስገብተው ቢከቱት ይሻላል። ያለ መብራት ለሚኖር ሰው ምርጫዬ አሁንም ባለ ድንጋዩ ነው፤ ያልተላጠውን ድንጋይ እንደታሸገ ማስቀመጥ ይቻላል።

ለእህትዎ መጀመሪያ የልኬቱን ውጤት በስልክ ፎቶ ይላኩላት፤ እዚያ ያለው ባለሙያ መሣሪያውን በዚያ ቁጥር ያስተካክለዋል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚያስተካክለው ሰው ያለው ዓይነት መሆኑንም ከመግዛቷ በፊት ትጠይቅ። አዲሱ ከመጣም አሮጌውን አይጣሉት፤ አዲሱ ለጥገና በሄደ ጊዜ አባትዎ የሚያደርጉት እሱን ነው።