ስለ ራስና ስለ ባልንጀራ መከተብ

በሳጉሬና በአካባቢዋ አጥቢያዎች ስለ ኩፍኝ ክትባት ስናስተምር ሁለት ምክንያቶችን ለይተን ማስረዳት ይገባናል።

የመጀመሪያው የራስን ቤተሰብ መጠበቅ ነው። ወላጅ ልጁ እንዳይታመምበት ቢሳሳ የሚነቀፍ አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ሌላው ማሰብ ነው። ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ግን የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው። ከእናቱ ያገኘው መከላከያ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ያልተከተበውን ሕፃን የሚጋርደው በዙሪያው ያሉት መከተባቸው ነው። ኩፍኝ በትንፋሽ በፍጥነት ስለሚዛመት፣ ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰው 95 ያህሉ የመከላከል አቅም ሊኖራቸው ይገባል።

ስለዚህ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በጥምቀት ዕለት ለወላጆችና ለክርስትና አባትና እናት የ9ኛውንና የ15ኛውን ወር ክትባት ያሳስቡ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ሁለተኛውን ክትባት ያላገኙ ሕፃናት እነማን ናቸው?