አርባ ምንጭ ላይ ቀዝቃዛ ሻይ

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ ለእረፍት አርባ ምንጭ ሲሄዱ በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ያገኙ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ በከተማዋ ክፍሎች፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ሻይ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ባብዛኛው ቅርንፉድና ቀረፋ የሸተተው ትኩስ ሻይ ነው። ለዚያ ሙቀት! ጠያቂዋ ራሳቸው ቢያዘጋጁት ይሻላል።

በረዶው ስለሚያቀጥነው ሻዩ ወፈር ይበል፦ ለግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ የውሽውሽ ሻይ ቅጠል፣ 5 ደቂቃ ከድኖ ማቆየት፣ ከዚያ ማጥለል። ስኳሩ ሻዩ ገና ሲፋጅ ይግባ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የተጨመረው ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል።

ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ መክተት ሻዩን ያደፈርሰዋል፤ ጉዳት ባይኖረውም አያምርም። ውጭ ይብረድ። ሎሚ ሲጨመቅበት ቀለሙ ፈካ ይላል።

በረዶውስ? ከታሸገ ወይም ከፈላ ውሃ መሠራቱን አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር የለውም። የዶርዜን መንደር ለማየት ወደ ጨንቻ ሲወጡ ግን ትኩሱን ይዘዙ፤ ደጋ ነው።