ስለ ገለባ ስኳርና ስለ እርሾ

ጠላ ጠማቂ ሁሉ እንደሚያውቀው እርሾ የብቅሉን ጣፋጭ በልቶ አልኮል ያወጣል። በገለባና በአገዳ ውስጥም ስኳር አለ፤ ነገር ግን እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለ ሆነ አስቀድሞ መፈታት ያስፈልገዋል። ሲፈታም የሚበዛው ግሉኮስ፥ ሲሶ ገደማው ደግሞ ዛይሎስ ነው። የጠማቂ እርሾ ግሉኮሱን ይበላል፤ ዛይሎሱን ግን አይችለውምና በከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ናንሲ ሆ የተባሉ ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋር፥ ዛይሎስ ከሚበላ ከሌላ ዓይነት እርሾ ጂን የሚባለውን የዘር ትእዛዝ ወስደው በጠማቂው እርሾ ውስጥ አኖሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ. ም. የተገኘው አዲሱ እርሾ ሁለቱንም ስኳር ባንድነት ወደ ኤታኖል ለወጠ፤ ኤታኖልም ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መኪና ያስኬዳል። ነዳጁ ከእህል ቢወጣ የሰውን ምግብ ይሻማል፤ ገለባ ግን አይሻማም ይባላል፥ ምንም እንኳ በሬ ያለው ገበሬ ይህን ነገር ባይቀበለው። ደግሞም ገለባው ሲፈታ የሚወጣው የኮምጣጤ አሲድ እርሾውን ያደክመዋልና፥ ሊቃውንቱ ይህን የሚታገሥ ዘር እስካሁን ይፈልጋሉ።