ጅግጅጋ፦ የመንገድና የማቆሚያ ሒሳብ ከነጋዴው ኪስ

የከተማ ምክር ቤት ስለ መኪና ማቆሚያ ክፍያ ወይም ስለ መንገድ ጥገና ሲወስን፣ ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩን የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ አድርጎ ይመለከተዋል። ክፍያ ሲጨመር ያማርራል፤ ጉድጓድ ሲበዛም እንዲሁ። ሁለቱ የአንድ ሒሳብ ሁለት ገጾች መሆናቸው ግን ይዘነጋል። በጅግጅጋና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች፣ ማለትም በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪበያህና በአውበሬ የሚሠራ ነጋዴ የመንገዱን ዋጋ መክፈሉ አይቀርም። ጥያቄው አስቀድሞ ለማዘጋጃ ቤቱ በጥቂቱ ይከፍላል ወይስ ዘግይቶ ለጋራዡ በብዙ የሚለው ነው።

የመተላለፊያ ከተማ ዕድልና ዕዳ

ጅግጅጋ ከሐረር ተነሥቶ ካራማራን አልፎ ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ሐርጌሳ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት። ወደ ደገሃቡርና ወደ ጎዴ የሚሄደው መንገድም የሚነሣው ከዚሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ብዛት 125,876 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በእጅጉ ሰፍታለች። ከአወዳይ የተጫነው ጫት በዚሁ በኩል ወደ ሶማሌላንድ ያልፋል፤ ሸቀጡ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ይመጣል። የዱባዩ ዲፒ ወርልድ የበርበራን ወደብ ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ከተዋዋለና አዲሱ የኮንቴይነር ማራገፊያ በ2021 ከተመረቀ ወዲህ፣ በዚህ መስመር ላይ ብዙ ባለሀብቶች ዓይናቸውን ጥለዋል። ይሁን እንጂ የጭነት መኪና ሲበዛ ገበያ ብቻ ሳይሆን የመንገድ ጉዳትም አብሮ ይመጣል።

ሁለት ኪስ ያለው አስተዳደር

በሀገራችን የከተማ አስተዳደር ሥራ በሁለት ይከፈላል። እንደ ትምህርትና ጤና ያሉት የመንግሥት ተግባራት ሲሆኑ፣ ወጪያቸው በአብዛኛው ከክልሉ በሚመደብ በጀት ይሸፈናል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ደረቅ ቆሻሻ፣ የገበያ ቦታ፣ ቄራና የመኪና ማቆሚያ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ተግባራት ናቸው፤ ወጪያቸው የሚሸፈነው ይበልጡን ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ነው። ከተማን የሚያቋርጠው ዋና መንገድ ግን የፌዴራሉ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ኃላፊነት በመሆኑ፣ አቤቱታ የሚያቀርብ ነጋዴ በመጀመሪያ የተበላሸው መንገድ የማን እንደሆነ መለየት ይኖርበታል።

በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰበው ገንዘብ 70 በመቶውን ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶውን ለክልል መንገዶች ሲያከፋፍል፣ ለከተሞች የተተወው 10 በመቶ ብቻ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የተጀመረውና በዓለም ባንክ የሚደገፈው የከተሞች የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ጅግጅጋን ጨምሮ 117 ከተሞችን አቅፏል። ገንዘቡም የተሰጠው ዕቅዳቸውን ላቀረቡና ሒሳባቸውን ላስመረመሩ ከተሞች እንደ ውጤታቸው ነው። እንዲህ ያለው ድጋፍ ኮብልስቶንና ቦይ ያሠራል። ከተሠራ በኋላ ግን የሚጠብቀው ከተማው በራሱ ገቢ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የአክስል ሒሳብ

እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተካሄደ ትልቅ የመንገድ ሙከራ፣ በአክስል ላይ ያለው ክብደት ሲጨምር በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት በክብደቱ አራተኛ ርቢ እንደሚያድግ ታውቋል። ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በአክስል 10 ቶን መጫን የሚገባው መኪና 13 ቶን ቢጭን፣ የጭነቱ ጭማሪ 30 በመቶ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በትርፍ ጭነት የተገኘችው የትራንስፖርት ቁጠባ ከመንገዱ ላይ የተወሰደች ናት።

ሌላው የመንገድ ጠላት ውኃ ነው። በጅግጅጋ ሜዳ የሚገኘው መረሬ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቦዩ በቆሻሻ ከተደፈነ ውኃው ወደ መንገዱ ሥር ይገባና አስፋልቱን ከታች ያላላዋል። ኮብልስቶንም ለውኃ ቧንቧ ወይም ለኬብል ተነቅሎ በሚገባ ካልተመለሰ፣ ከአንዲት ቀዳዳ ተነሥቶ ሰፊ ቦታ ይፈርሳል። ስለዚህ ቦይ ለማስጠረግ የሚመደብ ገንዘብ፣ በጥገና መዝገብ ላይ ባይጻፍም እንኳ፣ ከጥገና ሁሉ ርካሹ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ በአፍሪካ ባለፉት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ወጥቶ ቢሆን ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደነበር ገልጿል።

ማቆሚያና ኮቴ

ለመሆኑ የማቆሚያ ክፍያ ለምን ያስፈልጋል? በገበያ መሐል ያለ የመንገድ ዳር ቦታ ነጻ ከሆነ፣ ጠዋት የደረሰ አይሱዙ እስከ ማታ ይዞት ይውላል። ገዢው መቆሚያ አጥቶ ይመለሳል፤ ባጃጁ መሐል መንገድ ላይ ያወርዳል፤ ዕቃ የሚያራግፈውም ወዛደር ይጉላላል። በሰዓት የሚታሰብ አነስተኛ ክፍያ መኪናው ሥራውን ጨርሶ እንዲነሣ ያደርገዋል፤ ቦታውም በቀን ብዙ ደንበኛ ያስተናግዳል።

ለስሌት ያህል 60 መኪና የሚያቆም መንገድ እንውሰድ። በሰዓት 10 ብር ቢከፈልና በ8 ሰዓት የሥራ ቀን ቦታው በግማሽ ቢያዝ፣ በቀን 2,400 ብር፣ በ26 ቀን 62,400 ብር ይገባል። የሰብሳቢዎቹ ድርሻ ከተነሣ በኋላ የሚተርፈው አስፋልት ባያሠራም ቦይ ያስጠርጋል፣ ቀዳዳ ያስደፍናል። ይህም የሚሆነው ክፍያው በደረሰኝ ከተሰበሰበና ለዚያው ሥራ ብቻ ከዋለ ነው።

ኮቴ ግን ከዚህ ይለያል። በከተማው ለሚያልፍ መኪና አገልግሎት ሳይሰጥ የሚጠየቅ ክፍያ የዋጋ ጭማሪ ሆኖ ሸማቹ ላይ ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚደረገውን ንግድ የመቆጣጠር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ነጋዴው ማቆሚያን ከኮቴ ጋር አንድ አድርጎ ቢቃወም፣ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ጋር አብሮ ይጥላል።

በጀትና ዝናብ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ደግሞ ሐምሌ ከረን የሚባለው ዝናብ የሚጥልበት ወቅት ነው። ገንዘቡ ሲለቀቅ መሬቱ ጭቃ ነው፤ ጨረታው እስኪጠናቀቅም ወራት ያልፋሉ። ጨረታው እስከ ጥር ካልተቋጨ ሥራው የሚጀመረው ጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ በደጅ ሲሆን ነው። በመሆኑም «ጥገና ይደረጋል» የሚል ውሳኔ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑ ካልተጻፈበት ዋጋው አነስተኛ ነው።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

የምክር ቤት ውሳኔ ሲወጣ አራት ነጥቦችን መመርመር ይበጃል። አንደኛ፣ ወጪው ከየትኛው ኪስ ነው፤ ከከተማው ገቢ፣ ከክልሉ ወይስ ከድጋፍ? ሁለተኛ፣ የማቆሚያው ገንዘብ ለብቻው ይመዘገባል ወይስ ከጠቅላላው ገቢ ጋር ይቀላቀላል? ሦስተኛ፣ ሥራው ከዝናብ በፊት ያልቃል? አራተኛ፣ መንገድ ቆፍሮ የሚሄድ መሥሪያ ቤት ለመመለሻው መያዣ ያስይዛል?

ሱቅ የሚያከራይ ባለሀብትና የሚያገናኝ ደላላም ከኪራዩ በፊት ቦዩን ቢያዩ አይከስሩም፤ ቦዩ የተደፈነ መንገድ ከጥቂት ክረምት በኋላ ደንበኛ ይሸሸዋል። ከድንበሩ ማዶ ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም እየተረዳች ቤቶቿን በሳተላይት ፎቶ ለይታ መመዝገቧና የንብረት ግብሯን ከፍ ማድረጓ፣ ከተማ የሚከፍለውን ሰው ካወቀ ገቢው እንደሚያድግ ያሳያል።

የጅግጅጋና የአካባቢዋ ነጋዴዎች በየፊናቸው አቤት ከማለት ይልቅ በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል በጀቱ ከመጽደቁ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢያቀርቡ የተሻለ ነው። የባሌስትራ፣ የጎማና የኩሽኔታ ደረሰኞቻቸውን ሰብስበው የዓመቱን ድምር ቢያያይዙበት፣ ያልተጠገነ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለምክር ቤቱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።