ገራዶ ከመውረድሽ በፊት

አብሽሪ! የመመረቂያ ርዕስሽ ጸድቋል፤ የገራዶ ተማሪዎች የወር አበባ ንጽህናቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ልታጠኚ ነው። መጠይቁን አባዝተሽ ሰኞ ጠዋት ከደሴ ልትወርጂ ቸኩለሻል። ጉጉትሽ ደስ ይላል፤ ግን እስቲ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሺና ከአንቺ በፊት የተሠራውን አንብቢ።

ክለሳ ድርሳናት ብዙ ተማሪ ዘንድ የምዕራፍ ሁለት መሙያ ነው። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ ይለጠፋል (አማካሪውም ይህን አያጣውም)። አንቺ ግን እንዲህ አታድርጊ። የራስሽን ጥያቄ የምታገኚው ሌሎች በጻፉት ውስጥ፣ በተለይም እርስ በርስ በማይስማሙበት ቦታ ነው።

ሁለት ጥናት ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ተኬቶ ካሳው እና ምትኬ ሞላ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ያካሄዱት ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ቢኤምሲ ፐብሊክ ሄልዝ በተባለ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከጠየቋቸው 595 ተማሪዎች ውስጥ በመጨረሻው የወር አበባቸው ሞዴስ የተጠቀሙት ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወር አበባቸው ምክንያት ከትምህርት ቀርተናል ብለዋል። በሌላ በኩል ኤሚሊ ኦስተር እና ርብቃ ቶርንተን በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኔፓል ጥናት አለ። እነሱ ለተማሪዎች የወር አበባ ጽዋ በዕጣ አድለው፣ የትምህርት ቤቱን የስም መቆጣጠሪያ አገላብጠው፣ በወር አበባ ሰበብ የሚቀረው ጊዜ በዓመት ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም አሉ።

ታዲያ ማንን እንመን? እዚህ ላይ አትደንግጪ፤ እንዲያውም ደስ ይበልሽ፤ ጥያቄሽ ብቅ ያለው አሁን ነው። አገሩ ሌላ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ የአለካኩም መንገድ ተለያይቷል። «ቀርቻለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ልጅቷ አንድ ቀን ትቅር አራት ቀን አይነግረንም። በሌላ በኩል ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጥቁር ሰሌዳ ጋ እንዳትጠራ አንገቷን ደፍታ የምትውለው ልጅ መቆጣጠሪያው ላይ «ተገኝታለች»። ጭራሽ ያቋረጠችው ደግሞ ስሟም የለም። የሰሜን ምሥራቁን ጥናት የምወድለት ለዚህ ነው፤ ትምህርት ያቋረጡ 5 ልጆችንና 4 ሴት መምህራንን ፈልጎ አነጋግሯል። ልብሳቸው ደም ነክቶ የክፍል ጓደኞቻቸው የሳቁባቸው ልጆች ትምህርታቸውን መተዋቸውን የነገረን ያ ክፍሉ ነው። መቆጣጠሪያውን፣ የልጆቹን ቃልና ያቋረጡትን አንድ ላይ የሚያይ ጥናት ገራዶ ላይ ብትሠሪ የሰውን ሥራ መድገም አይሆንም።

ከዚህ ውጭ «ስንት ከመቶው ያውቃሉ፣ ስንት ከመቶው ይተገብራሉ» የሚለው ብዙ ተሠርቶበታል። ነቀምት ላይ በ828 ተማሪዎች የተሠራው ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ 60.9 በመቶ ጥሩ ዕውቀት፣ 39.9 በመቶ ጥሩ አጠባበቅ አግኝቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ በአገሪቱ የተሠሩ ጥናቶች ድምር ትንተናም ጥሩ አጠባበቅ ያላቸውን ግማሽ ገደማ አድርጓቸዋል። በእኔ አስተያየት አንድ ተጨማሪ የመቶኛ ቁጥር ለገራዶ ልጆች ብዙም አይፈይድላቸውም። ደግሞስ እናት ለልጇ አፍ አውጥታ የማትነግራትን ጉዳይ ልጅቷን ልትጠይቂያት አይደል? መልሱ ለሚታወቅ ነገር አታስጨንቂያት።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በይ። የፈረንጆቹ ስለሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ቀንሺለት። ከላይ ያነሳኋቸው የሰሜን ምሥራቁና የነቀምቱ ጥናቶች በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት የተሠሩ ናቸው። የዛሬውን የትምህርት ቤት ውሃ፣ የመጸዳጃ ቤት በርና የሞዴስ ዋጋ ከእነሱ ላይ አታገኚም። ይህም ላንቺ የተተወ ሥራ ነው።

ፍለጋው አያስፈራሽ። ፐብሜድና ጎግል ስኮላር ነጻ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትን የጥናት ማግኛ፣ ሂናሪን፣ በዩኒቨርሲቲሽ በኩል መጠቀም ይቻል እንደሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቂ። «የወር አበባ ንጽህና» የሚለውን ብቻ አትፈልጊ፤ የትምህርት ቤት ውሃና መጸዳጃን፣ ከትምህርት መቅረትንም በእንግሊዝኛ ስማቸው ፈልጊ። ከዚያ ባለ መስመር ደብተር ላይ ሰንጠረዥ አስምሪ፦ የት፣ መቼ፣ ማን ተጠየቀ፣ እንዴት ተለካ፣ ማን ሳይጠየቅ ቀረ። «ማን ሳይጠየቅ ቀረ» የሚለው ዓምድ ሲሞላ ርዕስሽን ማጥበብ ትችያለሽ፤ አማካሪሽም ፊት በልበ ሙሉነት ትቆሚያለሽ።

የሰሜን ምሥራቁ ጥናት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ዛሬ ማታ አውርጂውና ከውጤቱ በፊት ልጆቹ እንዴት ተመርጠው እንደተጠየቁ የሚናገረውን ክፍል አንብቢ፤ መጠይቅሽን ነገ ታርሚዋለሽ።